የሚጥል በሽታን የማወቅ ታሪክና የመምህሩ ምስክርነት

የሚጥል በሽታ ከጥንት ጀምሮ በሰው ልጅ ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ማየት ሌላ፣ ምንነቱን መረዳት ሌላ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት ገደማ በሂፖክራተስ ስም በሚጠራው የግሪኮች መጽሐፍ፣ በሽታው ከሌሎች በሽታዎች የተለየ የአማልክት ቁጣ እንዳልሆነና መነሻው አንጎል መሆኑ ተጽፎ ነበር። ዓለም ግን ይህን ቃል እስኪቀበል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጀበት።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂዩሊንግስ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1873 በሽታው የአንጎል ሕዋሳት ኃይላቸውን በድንገትና ከመጠን በላይ ሲለቁ የሚደርስ መሆኑን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1912 ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ለዚሁ በሽታ መዋል ጀመረ። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግብበትን ዘዴ በጽሑፍ አስታወቀ። መሣሪያው ግን ብቻውን አይፈርድም፤ በሽተኛው ታማሚ ሆኖ ሳለ ምርመራው ደኅና መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሐኪሙ ዛሬም አስቀድሞ የሚፈልገው የዓይን ምስክር ነው።

እኛን መምህራንን በይበልጥ የሚመለከተው ዲተር ያንዝ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ጥናት ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚጀምር አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ በዝርዝር ተገለጠበት። ልጁ ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሣ ክንዱ በድንገት ይወራጫል፤ የያዘውን ብርጭቆ ይጥላል። ቤተሰቡም ዝርክርክ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ለፈተና ሲያጠና ካደረ ይብስበታል። በሌላ ዓይነቱ ደግሞ ተማሪው ለጥቂት ሴኮንዶች ፈዝዞ ይቀራል፤ ስሙን ብንጠራው አይሰማም። እኛም ልቡ ሌላ ቦታ ነው ብለን እናልፈዋለን።

በአገራችን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት፣ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ በሽታው እንዳለበት ታወቀ። ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው የነበሩት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በሽታው በትንፋሽ ወይም በለሃጭ ይተላለፋል የሚለው እምነት ሰው የወደቀውን እንዳያነሣ ያደርጋል፤ ከዚህም የተነሣ እሳት ላይ ወድቆ የሚቃጠል ብዙ ነው። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

እንግዲህ ተማሪ ሲወድቅ ምን እናድርግ? ክብሪት ማሽተት፣ ማንኪያ አፉ ውስጥ መክተት፣ እጅና እግሩን መያዝ አይረዳም። ስለት ያለውን ነገር እናርቅ፣ ከራሱ ሥር ልብስ እናድርግ፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ እናስተኛው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንውሰደው። መቼና እንዴት እንደጀመረ፣ የትኛው የሰውነቱ ክፍል እንደተንቀሳቀሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጽፈን ለወላጆቹ እንስጥ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይዘውት እንዲሄዱ እንምከር። በሽታውን መሰየም የሐኪም ሥራ ነው፤ የወደቀ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለምና።

እናንተም ተማሪዎች፣ ጓደኛችሁ ወድቆ ሲነሣ አጠገቡ ሁኑ። ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ከወሰዱ መውደቁ ይቀርላቸዋል። ከትምህርት ገበታ የሚያስቀራቸው ከበሽታው ይልቅ ኀፍረቱ ነው፤ ኀፍረቱን የምናመጣውም የምናስቀረውም እኛው ነን።