ከ«ጠፈፈ» እስከ «ደረቀ»፦ የሥዕል ቀለም ቃላት በጣና ዳር

በጣና ሐይቅ ደሴቶችና በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የሚገኙት ገዳማት የሥዕል መዝገብ ብቻ ሳይሆኑ የቃላትም መዝገብ ናቸው። በክብራን ገብርኤል የሚገኘው ባለሥዕል ወንጌል የ15ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ.ም.) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ በጽሑፍ የተመዘገበበት የእመቤታችን ሥዕል አለ። በብራና ላይ በጣት ጥፍር ልክ ፊትን የሣሉ ሰዎች ቀለም እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ እንዴት እንደሚደርቅና መሣሪያው እንዴት እንደሚጠራ የሚናገሩበት ቋንቋ ነበራቸው። ዛሬ በባሕር ዳር በብራናና በሸራ ላይ የሚሥል ሰው በፋብሪካ የተሠራውን አክሪሊክ ሲይዝ፣ ያ ቋንቋ ምን ያህል እንደሚያገለግለው መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

«ቀለም» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ መንገድ የተጓዘ ነው። በግሪክኛ «ካላሞስ»፣ በዐረብኛ «ቀለም» ሲባል የሚያመለክተው መጻፊያውን ሸንበቆ ነው፤ በግእዝና በአማርኛ ግን ስሙ ከመሣሪያው ወደ ፈሳሹ ተሻገረ፣ መሣሪያው «ብርዕ» ተብሎ ቀረ። ዛሬ ቃሉ የጽሕፈቱንም፣ የሥዕሉንም፣ የግድግዳውንም ቀለም፣ እንዲሁም የዐይንን ስሜት፣ አልፎ ተርፎም ትምህርትን ይሸከማል። ይህ ስፋት ለባለቅኔ ሀብት ነው፤ ለተርጓሚ ግን ጣጣ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ከጠባይ ልዩነት ነው። ጸሐፊው በቀንድ የሚያኖረው፣ ከጥላሸትና ከግራር ሙጫ የሚዘጋጀው ጥቁር ቀለም ውሃው ሲተን ይደርቃል፤ ውሃ ሲነካው ግን መልሶ ይሟሟል። አክሪሊክ እንዲህ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ለሠዓሊያን በገበያ የወጣው ይህ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም፣ ውሃው ሲለቀው በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ተያይዘው አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ አይመልሰውም። ሁለቱን በአንድ «ደረቀ» መጥራት እውነትን ይሸፍናል። አማርኛ ግን ድሃ አይደለም፦ የታጠበ ልብስ ወይም ዝናብ የመታው መሬት «ጠፈፍ አለ» ይባላል፤ ላዩ እርጥበት አጥቶ ውስጡ ገና ያልጠነከረ ማለት ነው። ጣት የማይዘው፣ ውስጡ ግን ያልጸናው አክሪሊክ ከዚህ የተሻለ ስም የሚያገኝ አይመስለኝም።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በበጋ ደረቅ አየር በጠፍጣፋ ሳህን ላይ የተጨመቀች ጠብታ ፊት ተሥሎ ሳያልቅ ትጠፋለች። ለዚህ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል ወይም ግሊሰሪን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ሁለቱም ውሃን አጥብቀው ይይዛሉ። በአውሮፓ የውሃ ቀለም ውስጥ ማር የሚገባውም በዚሁ ጠባይ ነው። አንዳንድ ተርጓሚ ይህን ፈሳሽ «ማቅጠኛ» ብሎት አይቻለሁ። ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ማቅጠኛ የተባለለት ሰው ቀለሙ እስኪቀጥን ያፈስበታል፤ ሲበዛ ደግሞ ሥዕሉ ሳምንት ቆይቶም ሲነኩት የሚጣበቅ ይሆናል። «ማቆያ» ቢባል ከመበላሸት የሚጠብቅ መድኃኒት ይመስላል። ከ«አዘገየ» የሚወጣው «ማዘግያ» ግን ሥራውን ብቻ ስለሚናገር እርሱን እመርጣለሁ። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅና በወረቀት ማንጠፍም ያው ማዘግየት ነው፤ ለዚያ «እርጥብ ሰሌዳ» ይበቃል።

ስለ ብሩሽ ጥቂት ልበል። ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ሰው ሁሉ ስለለመደው መለወጥ አያስፈልግም፤ ትኩረት የሚሻው ግሡ ነው። ሙጫ ቀለም የደረቀበት ብሩሽ ውሃ ውስጥ «ቢዘፈዘፍ» ይለቃል። አክሪሊክ የያዘው ግን ሳይጠፍ «መለቅለቅ»፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እስከ ብረት አንገቱ ድረስ መታጠብ፣ ጫፉም በጣት ሾሎ በጎኑ መተኛት አለበት። በውሃ ውስጥ ጠጉሩ ወደ ታች ሆኖ ቢያድር ጫፉ ይጎብጣል፣ ሙጫውም ይላላል። አንዴ ከደረቀ አልኮል መሰል ማሟሟያ ይጠይቃል። መመሪያው ላይ «ይዘፍዝፉ» ብሎ የተረጎመ ሰው እንግዲህ የብሩሹን ዕድሜ ቀንሷል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጥገና ሰነድ ነው። በጣና ዳር አብያተ ክርስቲያናት ብዙው የግድግዳ ሥዕል የተሣለው በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ዝናብና ምስጥ ሲጎዳው ይጠገናል። በመዝገብ «በቀለም ታደሰ» ተብሎ ከቀረ፣ ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ የቱን በውሃ መንካት እንደሚችል አያውቅም፤ በአሮጌው የውሃ ቀለም ላይ የተቀባ አክሪሊክ ሲላጥ የታችኛውን ይዞ ሊነሣ ይችላልና። ስለዚህ «ታደሰ» ከ«ተጠገነ» ተለይቶ፣ ከ«ቀለም» አጠገብም አያያዡ፣ ማለትም ሙጫ፣ እንቁላል፣ ዘይት ወይም አክሪሊክ፣ እንዲጻፍ ያስፈልጋል። ለዚህ ክፍል «አያያዥ» የሚለውን ቃል ያቀረብኩት ከዚሁ የተነሣ ነው፤ «ሙጫ» ብቻ ብንል የግራሩን ሙጫ ከሌላው መለየት አንችልም።