የኮምባይነሩ ሁለተኛ ባለቤት

በቴሌግራም የመሸጫ ቻናሎች ላይ፣ ከመኪናውና ከሞባይሉ ከሶፋውም መካከል፣ አልፎ አልፎ ለየት ያለ ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ያገለገለ ኮምባይነር፣ ሥራ ላይ ያለ፣ ቦታው አሰላ፣ ዋጋው በውስጥ መስመር። ሦስት ፎቶ፣ አንድ ስልክ ቁጥር፣ አለቀ። ለአዲስ አበባ ልጅ ተራ የሽያጭ ወሬ ነው። ለአርሲ ደጋ ሰው ግን እንዲህ ባለው ብረት ጀርባ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለ፤ ማን ቀድሞ ገዛው፣ ማን በእሱ ምክንያት ከመሬቱ ተነቀለ፣ ማን ወረሰው፣ ማን በሐራጅ አነሣው።

ያገለገለ ዕቃ እየገዙ መልሶ መሸጥ ስልክ ያመጣው ንግድ ይመስላል። ቃላቱ ግን ሌላ ይናገራሉ። «ሐራጅ» ከዐረብኛ የመጣ የገበያ ቃል ነው። «ቆራሌው» እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ሰው «ቆርቆሮ ያለው» የሚለውን ጥሪ በአፉ አሳጥሮት ነው ስም ያገኘው። ልዋጭ፣ ሰልባጅ፣ ልባሽ፣ ቦንዳ፤ ሁሉም ከኢንተርኔት በፊት የነበሩ ናቸው። የጋራዡ ቋንቋማ ጣልያንኛ ነው፦ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ላሜራ፣ ኪያቤ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃሉንም ብረቱንም ትቶ ሄደ። የጭነት መኪናው ባሌስትራ በቀጥቃጭ እጅ ማረሻና ማጭድ ሆነ፤ ያለቀ ጎማ በረባሶ ጫማ፣ የተጣለ አክሰል ደግሞ የፈረስ ጋሪ መሸከሚያ ሆነ። ባለ እጁን በመናቅ የሚታወቀው ማኅበረሰብ በባለ እጁ ሁለተኛ ሕይወት በተሰጠው ብረት ሲያርስ ኖሯል። ይህን ያህል ዓመት ያላፈረበት ነገር ነው።

ትልቁ ማሽን ወደ ጭላሎ ግርጌ የመጣው ግን በሌላ በር ነው። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥትና ስዊድን ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን በአሰላ አቋቋሙ። አርሲ እስከ ዛሬ «ካዱ» ይለዋል። ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አከፋፈለ፣ ወተት ሰበሰበ፣ መንገድ አወጣ፤ ቁሉምሳ ላይ ዘር አባዛ። ዛሬ ቁሉምሳ የአገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ማዕከል የሆነው ከዚያ ሥር ተነሥቶ ነው። የካዱ ባለሙያዎች ለትንሹ ገበሬ ያሰቡለት ትራክተር አልነበረም፤ በበሬ የሚጎተት የተሻሻለ ማረሻ፣ መከስከሻና ጋሪ ነበር። በአሰላ ያለው የእርሻ መሣሪያዎች ምርምር ማዕከል ያን ሐሳብ እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል።

ነገር ግን ምርጡ ዘር የሰጠውን ምርት ያየው ጭሰኛው ብቻ አልነበረም። ባለርስቱም አየ። ካዱ ትልልቅ ባለርስቶችን ከብድሩ ቢያስወጣም ዓይናቸውን መክደን አይችልም። በዚያ ላይ የዘመኑ ፖሊሲ ለሰፋፊ እርሻ የሚገባውን ትራክተርና ነዳጅ ከቀረጥ ነፃ አድርጎት ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከጭሰኛው የሚመጣው እርቦ ወይም እኩል ድርሻ ነው፤ ትራክተርና ኮምባይነር ካለ ግን ሙሉው ምርት የባለርስቱ ይሆናል። በሺህ የሚቆጠሩ የጭላሎ አባወራዎች ከሚያርሱት መሬት ተነሡ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ኮኸን በዚያው ዘመን ይህንኑ የጭሰኞች መፈናቀል አጥንቶ ጽፏል። ለትንሹ ገበሬ የመጣ ልማት ትንሹን ገበሬ ነቀለው። በአርሲ ማሽን ሲባል የአንዳንድ ሽማግሌ ፊት የሚለወጠው ለዚህ ነው።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ ሰፋፊዎቹ የግል እርሻዎች ከነማሽኖቻቸው ወደ መንግሥት እርሻና ወደ ማኅበራት ተዛወሩ። ያው ትራክተር፣ ያው ኮምባይነር፣ ሁለተኛ ባለቤት አገኘ። ገዢ ግን አልነበረም፤ ዋጋም አልተጠራም። የደርግ ዘመን አርሲ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅግ ከተስፋፉባቸው ክፍላተ ሀገር አንዱ ነበር። በሬው የማኅበር፣ ሞፈሩ የማኅበር፣ መጋዘኑ የማኅበር። ማሽን በመንግሥት እርሻ ጓሮ ሲቆም መለዋወጫው የሚጠየቀው ከመሥሪያ ቤት በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው እስኪመለስ ዝናቡ ይመጣል።

የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ ማኅበራቱ በየቦታው በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ለገጠሩ ሕዝብ ይህ ከማንኛውም ጨረታ የሚበልጥ የዕቃ ክፍፍል ነበር። በሬ፣ ቀንበር፣ ጋሪ፣ የመጋዘን በርና ቆርቆሮ ተከፋፈለ። ዕጣ የወጣበት አለ፣ ቀድሞ የደረሰ የወሰደበት አለ። ማንም ደረሰኝ አልያዘም። በገጠር ያለ ዕቃ የባለቤትነቱ ማስረጃ ወረቀት ሳይሆን የጎረቤት ምስክርነት የሆነበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ይህ ግን አንዱ ነው።

ከ1983 በኋላ ሐራጁ ወደ ወረቀት ተመለሰ። ሕጉማ ቀድሞም ነበር። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የባለዕዳ ንብረት ተይዞ በሐራጅ እንዴት እንደሚሸጥ ይዘረዝራል፤ ሰውዬው ለኑሮውና ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ዕቃ እንዳይነካም ይከለክላል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ደግሞ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ለባለዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ራሱ በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቀደ። ባንክ፣ ጉምሩክ፣ የልማት ድርጅት፣ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም ማስታወቂያውን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ያወጣል። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ሐረግ የሚገኘው እዚያ ነው። ትርጉሙም ለገዢው ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ባይነሣ ሻጩን አትጠይቅ።

በእነዚህ ጨረታዎች ማን አሸነፈ? ጋዜጣው አሰላ ሲደርስ የአዲስ አበባው ነጋዴ አንብቦት አድሯል። የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ማሠራት ማለት ደግሞ ብሩን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አስሮ መቀመጥ ማለት ነው። ማዳበሪያ በብድር የሚገዛ ገበሬ ይህን አይችልም። ስለዚህ ከአርሲ መሬት የወጣው ማሽን ብዙ ጊዜ በመርካቶ ሰው እጅ አልፎ፣ በሱማሌ ተራ ዕቃ ተጠግኖ፣ ትርፍ ተጨምሮበት ወደ አርሲ ተመልሷል። ይህ ወንጀል አይደለም። ቀድሞ የሰማና ጥሬ ብር የያዘ ያተርፋል፤ የሐራጅ ሕግ እንዲህ ነው። የሚያሳዝነው ግን ሦስት ጊዜ ባለቤት ሲቀያየር አንድም ጊዜ ለጭሰኛው ልጅ በመጀመሪያው ዋጋ አለመድረሱ ነው።

እንግዲህ አሮጌ ኮምባይነር ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል? የአርሲ ገበሬ ማሳ ትንሽ ነው፤ ኮምባይነር የሚገዛለት አይደለም። ግን ይከራያል። ከኢተያ እስከ በቆጂ፣ ከሁሩታ እስከ ሮቤ፣ ባለ ኮምባይነሩ ከማሳ ማሳ እየዞረ ያጭዳል፤ ሒሳቡ በኩንታል ነው። ማጭድና ደቦ፣ አውድማና በሬ ሳምንታት የሚወስዱበትን ሥራ በሰዓታት ይጨርሰዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ያለ ወቅቱ ዝናብ ከመጣ የደረሰ ስንዴ በቆመበት ይበቅላል፤ ያኔ ማሽን ቀድሞ ያገኘና ያላገኘ ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ እኩል አይበሉም። ባለ ኮምባይነሩም ከአርሲ ወደ ባሌ ይሻገራል፤ ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያመርት ማሽኑ ሥራ አይፈታም። አዲስ ኮምባይነር የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። አሮጌው ጥሩ መካኒክ ይጠይቃል፤ መካኒክ ደግሞ አርሲ አለው። መለዋወጫ ሲጠፋ ከሁለት የቆሙ ማሽኖች አንዱ ይታረድና ሌላው ይነሣል።

መንግሥትም ይህን ጥማት አይቷል። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ኩባንያዎችም ገበሬዎችና ማኅበራት ማሽን ወስደው ዋጋውን በየጊዜው እንዲከፍሉ ማድረግ ጀመሩ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ያገለገለውን ማሽን ገበያ ከበፊቱ የበለጠ ያወሳሰበው ይኸው ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ስልኩ ሲመጣ የተለወጠው አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ወሬው። የጨረታ ማስታወቂያ ዛሬ በወጣበት ሰዓት በድረ ገጽና በቴሌግራም ይለጠፋል። በሳጉሬ ያለ ወጣት ጉምሩክ አዳማ ላይ ምን እንደሚሸጥ ከአዲስ አበባው ነጋዴ እኩል ያያል። ሁለት ሦስት ሆነው ብር አዋጥተው ከጨረታ ያነሡትን ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር ወይም የቢሮ ወንበር አጥበውና ቀብተው፣ ፎቶ አንሥተው መልሰው ይሸጣሉ። ከግንቦት 2013 ጀምሮ ቴሌብር ስላለ ክፍያውም ባንክ አያስኬድም። በ2012 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ፣ ቁጥር 1205፣ በስልክ የተላከ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። የደላላው የዋጋ ምስጢር ተሰብሯል። ሥራ ላጣ የአሰላ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሱቅ ሳይከራይ ነጋዴ ሆኗል።

ከደላላው ጋር አብሮ የሄደ ሌላ ነገር ግን አለ። ዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን የምርት ገበያውን ከመመሥረታቸው በፊት የአዲስ አበባ እህል ደላሎችን አጥንተው ነበር፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። ደላላው እዚያ አገናኝ ብቻ አልነበረም፤ በሩቅ ላለው ነጋዴ ዓይን ሆኖ እህሉን ያያል፣ ሰውየውንም ያውቃል። በከብት ገበያም በሬ ሲሸጥ ዋስ የሚጠየቅበት አገር ብዙ ነው፤ በሬው የተሰረቀ እንደሆነ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች በጻፈው አጭር ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ጉድለቱን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ከሆነ ገዢው ለሁሉም ዕቃ የብልሹ ዋጋ ይሰጣል፣ ጥሩ ዕቃ ያለውም ከገበያው ይወጣል። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሥርቶ ዓመት ሳይሞላው ገዢዎች ስለ ሻጩ ምስክርነት የሚጽፉበትን ገጽ የጨመረው ወዶ አይደለም። የቴሌግራም ቻናል ይህ የለውም። ሻጩ ስሙን ይቀይራል፣ ማስታወቂያውን ያጠፋል፣ የከፋው ገዢ የጻፈውም አስተያየት አብሮ ይጠፋል።

ማሽን ላይ ደግሞ ችግሩ ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ትራክተር ወይም ኮምባይነር ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ዲክላራሲዮኑን ሳያይ የገዛ ሰው ያልተከፈለውን ቀረጥ አብሮ ገዝቷል። በኪራይ የተወሰደ ማሽን ክፍያው እስኪያልቅ ድረስ የኩባንያው ነው፤ ማሳ ላይ የሚያሽከረክረው ሰው ሊሸጠው አይችልም። ከ2011 ወዲህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማሽንም ከብትም ጭምር፣ ለብድር ዋስትና ይያዛል፤ መዝገቡም በብሔራዊ ባንክ በኤሌክትሮኒክስ ይገኛል። ከመግዛቱ በፊት መዝገቡን የሚያስፈትሽ ገዢ ግን ስንት ነው? በፎቶው ላይ ጎማው ይታያል፣ ቀለሙ ይታያል፤ የባንክ ዕዳ በፎቶ አይታይም።

ያንን የተወሳሰበ ነገር ሁሉ የሚያስረሳው ጥድፊያ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ስንዴው እየቀላ፣ ማስታወቂያው «ቀድሞ ቀብድ ላስያዘ» ሲል ሰው ሊብሬ አይጠይቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ግልጽ ነው፤ የሰጠው ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሕጉ ሲጻፍ ግን ቀብድ ተቀባዩ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ነበር፤ ቤቱ የሚታወቅ፣ ዘመድ ያለው። ዛሬ ቀብዱ የሚላክለት ስልክ ቁጥር በማግሥቱ ላይነሣ ይችላል፤ እጥፉን ለመጠየቅ መጀመሪያ ሰውየውን ማግኘት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የጠነቀቀ ገዢ ስልኩን ዘግቶ የድሮውን መንገድ ይይዛል። መካኒኩን ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ ይልካል፤ መካኒኩም ሞተሩን አስነሥቶ፣ የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሮ፣ ማሽኑ ባለፈው ዓመት ያጨደላቸውን ገበሬዎች አፈላልጎ ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ ኮሚሽን ሳይሆን የቀን አበል ይቀበላል። በማስታወቂያው ላይ ስሙ የለም።