ፊደልና ማዕድ በአንድ ገበታ፤ ስለ ክርስቲያን ቤተ ሰብ የቤት ትምህርት የተጻፈ አጭር ታሪክ

አምላካችን እግዚአብሔር ዘመናትን አስፈጽሞ ደብራችንን ለኢዮቤልዩ በዓል ስላደረሰልን ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ኢዮቤልዩ የሚለውን ቃል ብዙ ሰው የሚያውቀው የዓመታት ቍጥር ሲሞላ በሚደረገው ደስታ ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው፥ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ሲነፋ የተሸጠው ርስት ወደ ባለርስቱ ይመለስ፥ በድህነት ምክንያት ለባርነት የተሸጠውም ሰው ወደ ወገኑና ወደ ቤቱ ይገባ ነበረ። ስለዚህ ኢዮቤልዩ ወደ ቤት የመመለስ በዓል ነው። ስለ ሕንጻው መሠራት፥ ስለ ካህናቱ አገልግሎትና ስለ ምእመናኑ መዋጮ ሌሎች በሰፊው ስለሚጽፉ፥ እኔ የምጽፈው ስለ ትንሺቱ ቤተ ክርስቲያን፥ ይኸውም ልጆች ስለሚበዙባትና ፊደልም ጸሎትም ስለሚማሩባት ስለ ክርስቲያን ቤት ነው።

ልጅን በቤት ማስተማር ሰው በቅርብ ያመጣው ፈሊጥ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ወላጆች የሕጉን ቃል በቤት ተቀምጠውም በመንገድ ሄደውም ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ያዛል። ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ሲያመሰግነው፥ ሃይማኖቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ዘንድ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል። ከነዚህም በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት በቀጰዶቅያ አገር አሥር ያህል ልጆች የተወለዱበት አንድ ቤት ነበረ። የልጆቹ እናት ኤሜሊያ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጅዋን ማክሪናን የአረማውያንን ተረት በማስጠናት ፈንታ የሰሎሞንን ጥበብና የዳዊትን መዝሙር አስተማረቻት፤ ልጅቱም ስትነሣ፥ ሥራ ስትጀምር፥ ማዕድ ስትቀርብና ስትተኛ መዝሙሩን በየሰዓቱ ትደግም ነበረ። ካደገችም በኋላ የመጨረሻውን ወንድምዋን ጴጥሮስን እርስዋ ራስዋ እንደ አባትም እንደ መምህርም ሆና በቤት አሳደገችው፤ እርሱም የሰባስቴ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ይህን ታሪክ የጻፈው ወንድምዋ ጎርጎርዮስ ነው፤ እርሱም በ381 ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቈጣጠር በቍስጥንጥንያ ከተሰበሰቡት 150 አባቶች አንዱ ነበረ። ሌላው ወንድምዋም ባስልዮስ ነው። ካህናቶቻችን ከ14ቱ ቅዳሴያት መካከል የባስልዮስንና የወንድሙን የጎርጎርዮስን ቅዳሴ ሲቀድሱ፥ ምእመናንም ቆመው ሲያስቀድሱ፥ በዚያ ቤት እናትና እኅት የዘሩትን ዘር ፍሬ እንቀበላለን ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ቤትም እንደዚሁ ጉባኤ ነበረ። አባትዬው ካህን ወይም ደብተራ የሆነ እንደ ሆነ መምህሩ እርሱ ነው፤ ካልሆነም ፊደል የለየው ታላቅ ልጅ ታናሹን ያስቈጥራል፥ ታናሹም የባሰውን ታናሽ ያስቈጥራል። ልጆች የበዙበት ቤት በዚህ ሥርዓት መምህር አያጣም ነበረ፤ የሚያስተምረውም ልጅ ራሱ የተማረውን ይበልጥ ያጸናል። ትምህርቱ ከሀሁ ይጀምራል፤ የግእዝ ፊደል 26 ሆኖ እያንዳንዱ በሰባት ስለሚረባ 182 ይሆናል። ከሀሁ በኋላ አቡጊዳ፥ ከዚያም የዮሐንስ መልእክት የሚነበብበት ፊደለ ሐዋርያ ይከተላል። ከዚህ ቀጥሎ ልጁ በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ምላሱን አሠልጥኖ ዳዊት ይገባል። ንባብ በብርሃን፥ የቃል ትምህርት በጨለማ ይባል ዘንድ የተገባ ነው፤ ለኩራዝ የሚሆነው ዘይት ውድ ስለ ነበረ፥ ፀሐይ ሳለ መጽሐፍ ይነበባል፥ ሲመሽ ግን ልጆች በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያምንና ሌላውንም ጸሎት ከታላላቆቻቸው አፍ እየተቀበሉ በቃላቸው ይይዛሉ። ብዙ ሴቶች ልጆች እንዝርታቸውን እያሾሩ ወንድሞቻቸው የሚማሩትን ሁሉ በጆሮ የተማሩት በዚህ ሰዓት ነው።

የቤቱም ሳምንት በዳዊት ይቈጠር ነበረ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ እስከ 60፥ ረቡዕ እስከ 80፥ ሐሙስ እስከ 110፥ ዓርብ እስከ 130፥ ቅዳሜ እስከ 150 ተደግሞ፥ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ዓመቱም በአጽዋማት ይከፈላል። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን የክርስትና ጥምቀት ይቀበላሉ፤ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ከቤተ ሰቡ ጋር መጾም ይጀምራሉ። ስለዚህ ሕፃን ልጅ ስለ ፍልሰታ በመጽሐፍ ከማንበቡ በፊት፥ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን እናቱ ወተቱን ከቤት አንሥታ ስታስቀምጠው ስለ ፍልሰታ ይማራል። ዳዊትን የጨረሰ ልጅ በሆነ ጊዜ ደግሞ ጠላ ተጠምቆ፥ እንጀራ ተጋግሮ፥ ካህናትና ጎረቤት ተጠርተው ድግስ ይደረጋል፤ በዚያ ቀን የሚከበረው ልጁ ብቻ ሳይሆን ያስተማረው ቤት ሁሉ ነው።

በዚህ ስፍራ ባማርኛችን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ ገበታ እንለዋለን፤ እንጀራ የሚቀርብበትንም ገበታ እንለዋለን። የቅኔ ተማሪ እንደዚህ ያለውን ቃል ሰምና ወርቅ አድርጎ ይፈታዋል፤ አባቶቻችን ግን በቅኔ ብቻ ሳይሆን በኑሮ ፈትተውታል። ጸሎተ ማዕድ ሳይደረስ እጅ ወደ መሶብ አይዘረጋም፥ ልጅም ከታላቁ በፊት አይጐርስም ነበረ፤ በዚህ ሁሉ አቡነ ዘበሰማያትን ከነትርጓሜው ይማራል። የቆሎ ተማሪም ለምዱን ለብሶ አኮፋዳውን ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ሲቆም፥ ልጆቹ ከድርሻቸው ቈርሰው ይሰጡታል። አንዳንድ ቤትም ተማሪውን አስጠግቶ ልጆቹን ፊደል ያስቈጥርበት ነበረ። እንደዚህ ሆኖ የአንዱ ቤት ማዕድ የሌላውን ቤት ልጅ ሊቅ አድርጎታል።

መጽሐፉስ ከየት ይገኝ ነበረ? በብራና የተጻፈ ዳዊት የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳና የብዙ ወራት ድካም ዋጋ ስለ ነበረ፥ በማኅደር ተከቶ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ርስት ነበረ። የዳዊት ክብር በውጭ አገርም ታወቀ፤ በግእዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ የታተመውም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1513 በሮም ከተማ ነበረ። በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ግን መጻሕፍት እየበዙ ሄደው፥ ድኻው ቤት ሳይቀር የታተመ ዳዊት ሊኖረው ቻለ።

ይህ የቤት ጉባኤ ያፈራቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። በጎጃም በጽላሎ የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ነበሩ። ነገር ግን የቅኔ መምህር ከነበሩት ከአባታቸው በጆሮ ተምረው፥ ከአባታቸውም በኋላ ወንበሩን ይዘው ለወንዶች ተማሪዎች ቅኔ ያስተማሩ መምህርት ሆኑ። ሴት ልጅ ከቅኔ ቤት ደጅ በምትከለከልበት ዘመን ይህ ሊሆን የቻለው ጉባኤው በአባትዋ ቤት ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ አለቃ ለማ ኃይሉ ናቸው። የሕይወታቸውንና የመምህሮቻቸውን ታሪክ ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ በቃል ነገሩት፤ ልጁም ጽፎ መጽሐፈ ትዝታ ብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። አባት ተናግሮ ልጅ ባይሰማ ኑሮ፥ ስለ ቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር በጠፋ ነበረ።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፥ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈቱ። ይህ ለአገር ታላቅ በረከት ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው ይህን አይነቅፍም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ወላጅ፥ ትምህርት የሚባል ነገር ሁሉ ከቤት ውጭ ያለ ይመስለው ጀመር።

ዘመነ መከራ በመጣ ጊዜ ግን የቤት ትምህርት ዋጋው ታወቀ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት በጥይት ተገደሉ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ታረዱ። ጉባኤ ሲበተንና መምህር ሲሞት የቀረው ጉባኤ የቤት ጉባኤ ነበረ። ሁለተኛም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ፥ መምህራንን ይመግብ የነበረው የሰሞን መሬት ከቤተ ክርስቲያን እጅ ወጣ፤ በትምህርት ቤትም እግዚአብሔር የለም የሚል ትምህርት ገባ። የዚያን ጊዜ ልጅ የነበርነው ሰዎች ሃይማኖታችንን ያገኘነው በእናት ጕልበት ሥር ነው። ሦስተኛም በቅርቡ፥ ስለ ኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ሚያዝያ 11 ቀን የተከበረውንም ፋሲካ አብዛኛው ሕዝብ በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲከታተል፥ በቤተ መቅደስ የቀሩት ጥቂት ካህናት ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ዳዊት የለመደ ቤት ሰዓቱን ጠብቆ ጸለየ፥ ልጆቹንም አስጠና፤ ያልለመደ ቤት ግን ልጆቹ አባታቸውን ዛሬ ምን እንጸልይ ብለው ሲጠይቁት የሚመልሰው አጣ። ይህ በማንም ላይ ለመፍረድ የተጻፈ አይደለም፤ ነገሩ ዳግመኛ ቢመጣ እንዳያሳፍረን ነው እንጂ።

እንዲህም ስል የቀድሞው ቤት ነውር አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። እንደ እማሆይ ገላነሽ ያሉ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች ፊደል ሳይለዩ ይዳሩ ነበረ። ልጅ ፊደል በሳተ ቍጥር አለንጋ ያርፍበታል። የግእዙንም ምሥጢር ሳያውቅ ዳዊትን በቃሉ ይወጣል፥ ትርጕሙን ቢጠይቅ ደፋር ይባላል። ልጆችም በበዙ ቍጥር የእናት ድካም ይበዛል፤ ሌሊት የምትፈጨው፥ ጧት ውኃ የምትቀዳው እርስዋ ናት። እንግዲህ ከቀድሞው ቤት ሥርዓቱን እንውረስ፥ ጭካኔውን ግን አንውረስ።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ኮልፌ ቀራንዮ በዋና ከተማችን ምዕራብ ያለች፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሕዝብ የሚኖርባት ናት። ቀራንዮ የሚለው ስም መድኃኔ ዓለም የተሰቀለበትን ስፍራ ስለሚያሳስብ፥ በዚህ ስም በሚጠራ ሰፈር መኖር ራሱ ስብከት ነው። ከጋሞ የመጡት ሸማኔዎች ልጆቻቸውን በሽመናው አጠገብ አስቀምጠው ማጉን በቀሰም እያስጠነጠኑ ሙያ ያስተምራሉ፤ የሙያ ትምህርት በቤት ከቻለ የሃይማኖት ትምህርት ስለ ምን አይችልም? ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን ገና በሕፃንነታቸው ቍርአን ያስቀራሉ፤ ይህን እያየን የኛ ልጅ አቡነ ዘበሰማያትን ከሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲጠብቅ ማድረግ አይገባም። በባዕድ አገር ያሉት ወገኖቻችን እንኳ፥ ልጆቻቸው ቋንቋቸውንና ሃይማኖታቸውን እንዳይረሱ ከሥራ ደክመው ገብተው ፊደል ያስቈጥራሉ። በአሜሪካም ልጅን በሙሉ በቤት ማስተማር በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1993 ጀምሮ በግዛቶቹ ሁሉ የተፈቀደ ሲሆን፥ ልጆች የበዙላቸው ብዙ ክርስቲያኖች በዚህ መንገድ ይኖራሉ። እኛ ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት እናስቀር አንልም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚገቡበት ቤት ትምህርት ያለበት ይሁን እንላለን እንጂ።

ይህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማታ ከራት በኋላ ቴሌቪዥኑ ለግማሽ ሰዓት ይዘጋ። አባት የዕለቱን ዳዊት አንድ መዝሙር ያንብብ፤ አባት ማንበብ ባይችል ልጁ ያንብብ፥ አባት ይስማ፤ ይህ ለአባት ውርደት አይደለም። ትርጕሙም ባማርኛ ይነገር። ወንድና ሴት ሳይለይ ታላቅ ታናሹን ያስጠና። አያት ያለችበት ቤት ደግሞ ትረካዋን ይስማ፤ ሎይድም አያት ነበረችና። የንስሐ አባቶችም ወደ ልጆቻችሁ ቤት በገባችሁ ጊዜ ጠበል ረጭታችሁ ብቻ አትውጡ፤ ሕፃናቱን ጠርታችሁ ምን እንዳጠኑ ጠይቁ። ዳዊት ከትራስ ሥር ያድራል፤ ነገር ግን ከትራስ ሥር የሚያድር ዳዊት የሚጠቅመው ቀን ሲነበብ ነው።

የደብራችን ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ የሚመጣውን ኢዮቤልዩ የሚያከብሩት ዛሬ በየቤታችን በገበታ ዙሪያ የተቀመጡት ሕፃናት ናቸው። በዚያን ቀን ቅኔ ማኅሌቱ ዘማሪ፥ መቅደሱ ቀዳሽ፥ ዐውደ ምሕረቱም ሰሚ እንዲኖረው፥ ገበታችን እንጀራም ፊደልም ይኑርበት።