የኩል ታሪክና የእኛ ዓይን

እህቶቼ፣ የኩል መዝገብ ረጅም ነው። የጥንት ግብፃውያን ጋሌና የተባለውን እርሳስ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ፈጭተው ይኳሉ ነበር። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ይዘው ከተመለሱት ዕቃ መካከል፣ ከዕጣኑ ጋር ኩልም በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተዘርዝሯል። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ዝርዝር እወደዋለሁ። ወጪው ግን አልተጻፈበትም፤ እርሳስ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል።

አያቴ ኩሏን የምታዘጋጀው በዘይት ኩራዝ ላይ ሸክላ ደፍታ፣ ጥቀርሻውን ጠርጋ፣ በጠብታ ዘይት ለውሳ ነበር። እሱም ቢሆን ንጹሕ እጅና የየራስ መኳያ ይፈልጋል።

ለገበያ ኩል እንሥራ ያላችሁ እህቶች፣ ከድንጋዩ ይልቅ ጥቀርሻውን እንምረጥ፤ ለሕፃን ዓይን ግን የትኛውንም አንሽጥ። «ስትኳል ዓይኗን አጠፋች» የሚለው ተረት በእኛ አይድረስ።