የቶሮንቶ ሁለት ትዝታዎች፦ የጠፋውና አልጠፋ ያለው

በልብ ወለድም በፊልምም የለመድነው ታሪክ አለ። አንዲት ወጣት ከአንድ ክፉ ሌሊት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ትነቃለች፤ የሆነባትን አታውቅም። እኛም አብረናት ስንፈልግ እናድራለን። መጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያታል፤ እኛም እፎይ ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን። ቶሮንቶ ውስጥ በእውን የሆነው ግን ሌላ ነው። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ልቁጠርላችሁ።

ኬንት ኮክሬን 30 ዓመቱ ነበር። በኦክቶበር 1981 ሞተር ሳይክሉን ሲነዳ ከመንገድ ወጥቶ ተከሰከሰ፤ ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎዳ። ደግነቱ ተረፈ። ሲያገግም ቤተሰቡን አወቀ፣ አወራ፣ ቼዝም ተጫወተ። ላየው ሰው ምንም የጎደለው አይመስልም። የተነፈሰ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር ጠይቁት፤ አንድ በአንድ ያስረዳችኋል። እሱ ራሱ ጎማ የቀየረበትን ቀን ጠይቁት፤ የለም። ቤተሰቡ የበጋ ማረፊያ ቤት እንዳለው ያውቃል፣ መንገዱንም ያውቃል፤ እዚያ ያደረበት አንድም ሌሊት ግን ትዝ አይለውም።

ወንድሙ መሞቱን ያውቃል። መርዶውን የሰማበት ሰዓት ግን ከውስጡ ጠፍቷል። በ1979 ሚሲሳጋ ላይ ኬሚካል የጫነ ባቡር ሐዲዱን ስቶ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ እሱም ከቤተሰቡ ጋር ወጥቶ ነበር። ያም እንዳልነበረ ሆነ።

ነገሩን ለብዙ ዓመታት የመረመረው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ኤንዴል ተልቪንግ ነው። ተልቪንግ ገና በ1972፣ አንድን ነገር ማወቅና የገዛ ገጠመኝን ማስታወስ ለየቅል ናቸው ብሎ ጽፎ ነበር። ኬንት የዚህ ሐሳብ ሕያው ምስክር ሆነ። አደጋው በግራም በቀኝም ያለውን ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል አበላሽቶበታል። አንድ ጊዜ ተልቪንግ ነገ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ኬንት መልስ አጣ፤ አእምሮው ባዶ እንደሚሆንበት ተናገረ። ትናንትን ያጣ ሰው ነገንም ማሰብ አቃተው ማለት ነው! በ2014 እስኪያርፍ ድረስ ወለል ብሎ የሚታይበት ገጽ አልመጣለትም።

እንግዲህ ኬንትን ያስረሳው የአንጎል ጉዳት ነው። ድንጋጤስ? «ድንጋጤ ልቡን ነሳው» እንል የለ? ወደ ሁለተኛው ታሪክ ልውሰዳችሁ።

ኦገስት 2001 ነው። የኤር ትራንሳት በረራ 236፣ 306 ሰው ጭኖ ከቶሮንቶ ወደ ሊዝበን ይበራል። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ አትላንቲክ ላይ እንዳለ፣ በቀኝ ሞተሩ በኩል የነዳጅ ቱቦ ተቀዶ ነዳጁ አለቀ። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው ሞተር ጠፋ። መብራቱ ድርግም አለ፣ የኦክስጅን ጭምብል ወረደ፤ ተሳፋሪው የሕይወት አድን ጃኬቱን ለብሶ ባሕር ላይ መውደቁን ይጠብቅ ጀመር። አብራሪዎቹ ሮበርት ፒሼና ዲርክ ደ ያገር አውሮፕላኑን ያለ ሞተር 20 ደቂቃ ያህል አንሳፍፈው፣ አዞረስ ደሴቶች ላይ ላጄስ አሳረፉት። ጎማዎቹ ፈነዱ፤ ሰው ግን አልሞተም።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ለጫጉላ ሽርሽር የወጣች ሙሽራ ነበረች፤ ማርጋሬት ማኪነን። በኋላ፣ ቶሮንቶ ቤይክረስት ውስጥ ባለው ሮትማን የምርምር ተቋም ከብራያን ሌቪን ጋር ሆና፣ አብረዋት ከሞት የተረፉትን 15 ሰዎች ትዝታ መረመረች። ውጤቱ በ2014 ታተመ። ከአደጋው በኋላ የድንጋጤ ሕመም የያዘውም ያልያዘውም ያችን ሌሊት ቁልጭ አድርጎ ያስታውሳል። የረሳ አልተገኘም። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ሕመሙ የያዛቸው ሰዎች ሲተርኩ ከነገሩ ይወጣሉ፤ ያልተጠየቁትን ይጨምራሉ፣ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳሉ፣ ይመላለሳሉ። የሚገርመው ደግሞ ስለ በረራው ብቻ አልነበረም፤ ስለ ሌላ ተራ ቀናቸው ሲጠየቁም እንዲሁ ነው።

ይህን ለምን አወራሁላችሁ? ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጦ እዚህ ካናዳ የደረሰ ወገን ስንቱ ነው! የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ስደተኛ በአካል ቀርቦ የመደመጥ መብት አለው ብሎ ፈርዷል። ስለዚህ ያ ሰው አንድ ቀን የስደተኞች ቦርድ ፊት ተቀምጦ የመከራውን ታሪክ ይናገራል። ቃሉ የሚታመን መሆን አለመሆኑ የሚመዘነውም ያኔ ነው። ያ ሰው የታሰረበትን ሌሊት ሲጠየቅ የወንድሙን ጫማ ቢያነሳ፣ ከዚያ ወደ እናቱ ቢሻገር፣ ሰሚው «ይኼማ እየፈጠረ ነው» ለማለት ይቸኩላል። አሥራ አምስት ሰው የተጠናበት ምርምር የማንንም ጉዳይ አይወስንም፤ የሚዋሽም አይጠፋም። ነገር ግን ፍርሃት ያየ ሰው ቀጥ አድርጎ ካልተናገረ ዋሽቷል የሚለው ሚዛን ልክ እንዳልሆነ የዚህችው ከተማ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ለቦርድ የምትዘጋጁ፣ የምታስተረጉሙም፣ ቤት ተቀምጣችሁ የዘመድ ታሪክ የምትሰሙም፣ ሰውየው ከመስመር ሲወጣ አታቋርጡት። ይጨርስና ወደ ጥያቄው መልሱት።