የውሃ አባትና የሞገድ ዳኛ

አባቴ የውሃ አባት ነበሩ። ያደግሁት ይፋት፣ ከአንኮበር ደጋ ቁልቁል በሚወርድ ወንዝ ዳር ነው። በጋ ገብቶ ወንዙ ሲቀጥን፣ ከላይኛው ማሳ እስከ ታችኛው ያለ ገበሬ ሁሉ የሚያጠጣው በአንድ ቦይ ነበር። ተራውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ማክሰኞ ሌሊት የእገሌ፣ ረቡዕ ጧት የእገሊት እያሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ የሠላሳ ሁለት ቤት ተራ በጭንቅላታቸው ነበር። በተራው ያልተገኘ ሌላ ሳምንት ይጠብቃል፤ በሰው ተራ ቦይ የሰበረ ይቀጣል። የራሳችን ማሳ ተራ በደረሰ ቀን ግን ዘንጋቸውን ለጎረቤት ያስረክቡ ነበር። «በገዛ ማሳዬ ላይ ዳኛ አልሆንም» ይሉ ነበር። ያን ቀን እሳቸውም እንደማንኛውም ገበሬ አካፋ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

እኔ የሬዲዮ ሰው ነኝ። አርባ ዓመት ያህል እንጀራ የበላሁት ማመልከቻ ተቀብዬ፣ የማሰራጫውን ጉልበት በዋት፣ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር፣ የሚተከልበትን ቦታ በካርታ መዝግቤ «ይህ ፍሪኩዌንሲ የእናንተ ነው፣ ከዚህ አትለፉ» የሚል ወረቀት በማዘጋጀት ነው። ሥራዬ ከአባቴ ሥራ የራቀ ይመስለኝ ነበር። ጡረታ ወጥቼ የአገራችንን የሞገድ ታሪክ ማገላበጥ ስጀምር ነው አንድ መሆኑን ያየሁት። ሞገድ እንደ ውሃ አይደርቅም፤ ተጠቅመህ ስታበቃ እዚያው አለ። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቢለቁበት ለአንዳቸውም አይደርስም። የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ ተራ የሚያወጣ ያስፈልጋል፤ የዚህ ታሪክ ቁም ነገርም ያ ሰው ማን ነበር የሚለው ነው።

ዓለም ይህን የተማረው በባሕር ላይ ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. በርሊን የተሰበሰቡ መንግሥታት ለመርከቦች የ300 እና የ600 ሜትር ሞገዶችን መደቡ፤ አንዱ ኩባንያ የሌላውን መሣሪያ ጥሪ አልቀበልም እንዳይልም አሰሩ። በ1912 ታይታኒክ ሰጠመች፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ያለ ፈቃድ ማሰራጨትን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ በ1927 ዋሽንግተን ላይ የተዘጋጀው የፍሪኩዌንሲ ድልድል ሠንጠረዥም ሆነ በ1932 ማድሪድ ላይ የዛሬ ስሙን ያገኘው የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ የዚያ ትምህርት ውጤት ነው። ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል የሆነችው በዚያው በ1932 ነው።

ወደ እኛ ሰማይ ሞገድ የመጣው ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ማንንም ሳያስፈቅድ። በ1911 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ፒዛ አጠገብ ኮልታኖ ላይ ያቆሙት የማርኮኒ ጣቢያ ከምፅዋ ጋር መነጋገር ጀመረ። በምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የስልክ ሽቦ በዓይን ይታይ ነበር፤ ምሰሶው በሰው ማሳ ላይ ይቆማል፣ ሽፍታ ይቆርጠዋል፣ ባላባት ይጠብቀዋል። ሞገድ ግን ድንበር ላይ ኬላ የለውም። ከምፅዋ የወጣው ምልክት በትግራይና በወሎ ሰማይ ሲያልፍ የሰማ የለም፤ የሚሰማበት መሣሪያም አልነበረም። መንግሥት የራሱን ድምፅ ወደ ውጭ ለማሰማት የአቃቂን ጣቢያ ሲያሠራም ሠሪው የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ያም ሆኖ ጣቢያው አገለገለ። በ1935 እ.ኤ.አ. ወረራው ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ንጉሠ ነገሥቱም እቴጌ መነንም ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ለውጭው ዓለም ተናገሩ።

የጥሪ ምልክት የሚባል ነገር አለ። የማንኛውም ጣቢያ መለያ ስም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የአገሩን ማንነት ይናገራሉ። ለኢትዮጵያ የተመደቡት ኢ እና ቲ ናቸው። ወጣት ሳለሁ በአጭር ሞገድ መቀበያ ላይ እነዚያን ሁለት ፊደላት በሞርስ ስሰማ፣ አንድ ነጥብ ብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ጭረት ብቻ፣ ደረቴ ይሞላ ነበር። በሞርስ እጅግ አጭር የአገር ስም ነው። ፊደሎቹ የመሬቱ ናቸው እንጂ የሰውየው አይደሉም። አሥመራ ይኖሩ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ከሥራ ውጭ በአማተር ሬዲዮ ከዓለም ጋር ሲጫወቱ እንኳ ራሳቸውን የሚጠሩት በኢ-ቲ ነበር።

ስለ አሥመራ ካነሳሁ ልቆይበት። አሜሪካኖች በ1943 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ባሕር ኃይል የነበረውን ራዲዮ ማሪና ተረክበው ሠሩበት። ቦታው ደጋ ነው፣ ከምድር ወገብም ብዙ አይርቅም፤ አጭር ሞገድ ለሚያዳምጥ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥታዊው መንግሥት ለ25 ዓመት የሚጸና ስምምነት ፈረመ። ጣቢያው ቃኘው ተባለ፤ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃ የተጠራበት የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው። እኔ የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነው። በዚያው በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ ሕዝቡ ቴሌ የሚለው ቤት። በአንድ ዓመት ውስጥ አገሪቱ ሞገዷን የሚያስተዳድር ቤት አቆመች፣ በሞገድ ረገድ የበለጠውን ደጋዋን ደግሞ ለሩብ ምዕተ ዓመት ለሌላ ሰጠች። ውሉን የፈረሙትን አልወቅስም፤ በዚያ ዘመን ጦር መሣሪያና ሥልጠና የሚሰጥ ወዳጅ ያስፈልጋቸው ነበር። ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ የሚለካ አልነበረም።

የዚያ ዘመን ሁለተኛው ትልቅ ፈቃድ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1959 እ.ኤ.አ. ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አግኝቶ፣ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ተመረቀ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ ያሰራጭ ነበር። የጥሪ ምልክቱ ኢ-ቲ-ኤል-ኤፍ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከገበያችን አንድ ነጋዴ ትራንዚስተር ገዝቶ መጣ፤ ማታ ማታ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተሰብስበን አማርኛውን እንሰማ ነበር። አባቴ አንድ ማታ ቆመው አዳመጡና «ይህ ሰውዬ የሚናገረው በማን ተራ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀባቸው። እኔ ግን ዛሬ ሳስበው ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። በሚቀጥለው ወር፣ በሚያዝያ፣ ቃኘው እንዲዘጋ ታዘዘ። ሃያ አምስቱ ዓመት ሊሞላ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። ፈቃድ ሲሰጥም በአንድ ሰው ቃል፣ ሲነጠቅም በአንድ ሌሊት ትእዛዝ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ አቤት የሚባልበት ዳኛ አልነበረም። የአጭር ሞገድ ጣቢያ ለመትከል ዓመታት ይፈጃል፤ አድማጭ ለማፍራት ከዚያም ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከ1945 እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስ ቴሌ መገናኛውን ይሠራ ነበር፣ ራሱም ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ቦዩን ይቆፍራል፣ ማሳውን ያጠጣል፣ ተራውንም ያወጣል። በዚያ ቤት የሠሩ ብዙ ቅን ሰዎች አውቃለሁ፤ ጉድለቱ የሰዎቹ አልነበረም። አቀማመጡ ነው። የራስህን አገልግሎት ሊሻማ የሚችል አመልካች ፊትህ ሲቀርብ፣ ቅን ብትሆንም እንኳ እጅህ ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 49/1989 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ ለብቻው ሲቋቋም ብዙ ሰው እንደ ተራ የቢሮ ለውጥ አየው። ለእኔ አባቴ ዘንጋቸውን ያስረከቡበት ቀን ነው። ከ1945 ስንቆጥር አርባ አራት ዓመት ፈጀ።

የድልድሉ ሥራ በተግባር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው የኤፍ ኤም ቦታ ለአውሮፓና ለአፍሪካ የተደለደለው በ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጄኔቭ ላይ ነው፤ በእኛ አገር ረኃቡ በበረታበት ወቅት። የእርዳታ ድርጅቶች ለወሎና ለትግራይ መገናኛ ሬዲዮ ፈቃድ ሲሉ እኛ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይከመር ነበር፤ ሌሊትም እንሠራ ነበር። ስለ ኤፍ ኤም የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ በግል ባለቤትነት ተከተለ። አጭር ሞገድ ሰማይ ላይ ነጥሮ አህጉር ያቋርጣል፤ ኤፍ ኤም ግን እንደ ዓይን ነው፣ ተራራ ይጋርደዋል። ፉሪ ተራራ ላይ የተተከለ አንቴና አዲስ አበባን ያለብሳል፣ ከሰንሰለቱ ማዶ ግን አይሻገርም። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ሩቅ ላለ ሌላ ከተማ ደግሞ መስጠት ይቻላል፤ ሁለት ወንዝ ላይ ሁለት የውሃ አባት እንደማለት።

የኤፍ ኤም ጎረቤት ደግሞ አውሮፕላን ነው። ከ108 ሜጋ ኸርዝ በላይ ያለው ቦታ የአብራሪዎች ነው። አንድ ጊዜ አብራሪዎች በጆሮ ማዳመጫቸው ዘፈን እንደሚሰሙ ተነገረንና ወጣን። ከሁለት ኮረብታ አቅጣጫ ወስደን ካርታ ላይ ስናሰምር መስመሮቹ አንድ ጣቢያ ላይ ተገናኙ። ስሙን አልጠራም። ማጣሪያው ተበላሽቶ ተነቅሏል፣ ጉልበቱም ከተፈቀደው በላይ ከፍ ተደርጓል። ቴክኒሻኑ ልጅ እግር ነበር፤ «ሩቅ እንዲሰማ ብለን ነው» አለኝ። የአባቴን ቦይ የሚሰብር ገበሬም የሚለው ይህንኑ ነበር፤ ማሳዬ ሩቅ ስለሆነ ነው። ክፋት አልነበረውም። ከራሱ በላይ ሰው የጫነ አውሮፕላን እየወረደ መሆኑን ግን የነገረው የለም። ማሰራጫውን አዘጋሁት። ማጣሪያው እስኪገባ ድረስ አልተከፈተም።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለ36,000 መስመር በሚበቃ አቅም ሲጀመር የሞገድ ዋጋ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ፍሪኩዌንሲ የጣቢያና የወታደር ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ሰው ኪስ ጉዳይ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዳኛው መጠንከር ሲገባው፣ በ2003 ዓ.ም. ኤጀንሲው ፈርሶ ሥራው ወደ ሚኒስቴር ገባ። የቴሌ ባለቤትም መንግሥት፣ ፈቃድ ሰጪውም የመንግሥት ሚኒስቴር ሆነ። ዘንጉ ወደ ገዛ ማሳው ተመለሰ እላለሁ። ስህተት ነበር። የታረመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲቋቋም ነው። በግንቦት 2013 በሳፋሪኮም የሚመራ ስብስብ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ አገልግሎቱን አዲስ አበባ ላይ በይፋ ጀመረ። በምኒልክ ዘመን ስልክ ከተጀመረ ወዲህ የስልክ ቁጥራችን በ07 ሊጀምር የቻለው ያን ጊዜ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። የአባቴ የውሃ ተራ በጭንቅላታቸው ስለነበር፣ እሳቸው ሲሞቱ መንደሩ ሁለት በጋ ተጣላ። የሞገድ ታሪካችንም በአብዛኛው በሰው ጭንቅላትና በሰው ቤት ነው ያለው። አብሮኝ የሠራ አንድ የሞርስ ኦፕሬተር ከአሥራ ሰባት የማያንሱ የጥሪ መዝገቦች ነበሩት፤ የትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደጠራ በእጁ የጻፈባቸው። ሲያርፍ ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ለቆራሌው በኪሎ ሸጧቸው። ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነው የሰማሁት። የራሴን አራት መዝገቦች ከዚያ በኋላ በጨርቅ ጠቅልዬ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብት፣ ለወመዘክር፣ አዘጋጅቻለሁ። እናንተም አባታችሁ፣ አያታችሁ ወይም አክስታችሁ በቴሌ፣ በብሥራተ ወንጌል፣ በአየር መንገድ ወይም በጦር ሠራዊቱ የሬዲዮ ክፍል ሠርተው ከሆነ፣ ቁም ሣጥኑን ክፈቱ። የፈቃድ ወረቀት፣ የጥሪ መዝገብ፣ የአንቴና ሥዕል ብታገኙ አትጣሉት፤ ለቆራሌውም አትስጡት። ወመዘክር አድርሱት።