«ስንት ሜጋ ነው?»

ጎንደር ውስጥ መስመር እንዘረጋ በነበረበት ዘመን፣ ደንበኛ «ኢንተርኔቱ ዘገየብኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤቱ ከስልክ ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅ ነበር። የመዳብ ሽቦ ዘመን ነዋ! እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አዲስ አበባንና ሐረርን ለማገናኘት 477 ኪሎ ሜትር ሲዘረጋ፣ ሽቦው የታሰበው ለስልክና ለቴሌግራም ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲመጣም በስልክ ሽቦ ላይ ተሳፈረ፤ ሞደሙ እየጮኸ፣ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት። አንድ ሜጋ ባይት ፎቶ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ ካልተቆረጠ።

በኋላ የመጣው ኤዲኤስኤል የሚባለው አሠራር ያንኑ መዳብ በሰከንድ እስከ 8 ሜጋ ቢት አደረሰው። ግን ምልክቱ በሽቦው ርዝመት ይደክማል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ግድም ሲደርስ ተስፋ የለውም። ጎንደር ደግሞ ሽቅብና ቁልቁል ናት፤ ሽቦው መንገዱን ተከትሎ ስለሚጠማዘዝ በዓይን የቀረበ ቤት በሽቦ ይርቃል። የጣቢያ ጎረቤት የሆነ ታድሎ!

ፋይበር ይህን ሒሳብ ሻረው። ብርሃን በመስታወቱ ውስጥ እንደ መዳቡ ምልክት ቶሎ አይደክምም። ጂፖን የሚባለው አሠራር ከጣቢያው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከፒያሳ አዘዞ ምንም አይደል። ደባርቅ ግን የራሷን ጣቢያ ትፈልጋለች።

አሁን ጥያቄው ከስንት ቤት ጋር ትጋራለህ ነው። አንዱ ክር 2.5 ጊጋ ቢት ያወርዳል፣ ግማሹን ያህል ይልካል። ክሩን ለቤቶች የሚያከፋፍለው ስፕሊተር ለ64 ቤት ከከፈለው፣ ሁሉም በአንዴ ቢያወርድ ለእያንዳንዱ 39 ሜጋ ቢት ግድም ነው። ሁሉም በአንዴ ስለማያወርድ ከዚያ በላይ መሸጥ ይቻላል። ማታ ማታ ግን መጨናነቁ ይታያል።

አንድ ጋሼ «ልጄ፣ 25 ገዝቼ ሲያወርድ 3 ነው የሚያሳየኝ፤ ቀሪው የት ገባ?» ብለውኛል። የትም አልገባ። የገዙት ሜጋ ቢት ነው፣ ኮምፒውተራቸው የሚያሳየው ሜጋ ባይት፤ 25 ለ8 ሲካፈል 3.1 ነው፣ ከዚያም ላይ ለመረጃው አድራሻና መጠቅለያ ጥቂት ይቀነሳል። በቢት መቁጠሩን ሻጭ ቁጥር ለማግዘፍ ያመጣው ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። የመስመር ሰው ከቴሌግራፍ ጀምሮ የሚቆጥረው በሰከንድ የሚያልፈውን ምልክት ነው፤ በባይት መቁጠር የኮምፒውተር ሰዎች ልማድ ነው።

ጋሼን አንድ ነገር ብቻ አስቸገርኳቸው፦ ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው እንዲለኩ። ቤታቸው በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው፤ በዚያ ግድግዳ ዋይፋይ ብዙ አያልፍም።